ከዋሻው በፊት የነበረው መንገድ፦ በጣርማ በርና በደብረ ሲና የመጀመሪያውን የመኪና መንገድ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ብርዱ እየጠና፣ የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ እየተፈራረቀ ይቀበለውና፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ያልቃል። ስፍራው ጣርማ በር ነው። አየሩ በጠራ ቀን በአቅራቢያው ካለው የምኒልክ መስኮት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት፣ ከእግሩ ሥር ጀምሮ እስከ ቆላው ድረስ ሸንተረሩና ሸለቆው እየተደራረበ ይታየዋል፤ ጉም በወረደ ቀን ግን፣ ይህም በጣርማ በር የተለመደ ነው፣ ከመኪናው መብራት ፊት ያለው መንገድ እንኳ በቅጡ አይለይም። አስፋልቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ብቅ ካለ በኋላ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቆሎዋ በመንገደኛው ሁሉ የታወቀውን ደብረ ሲናን ያገኛል። ከዚያ በኋላም ቁልቁለቱ አያበቃም፤ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስከምትገኘው ሸዋ ሮቢት ድረስ ይቀጥላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው፣ በዚህ ዳገት ላይ መጀመሪያ መኪና ያለፈበት መንገድ የትኛው እንደሆነና ከእርሱም ዛሬ ምን ሊገኝ እንደሚችል ነው። ለጥያቄው በሁሉም አፍ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ መንገዱን የሠራው ጣሊያን ነው ይባላል። ዋሻውም፣ ድልድዩም፣ የድጋፍ ግንቡም፣ አሮጌ የሆነ ጥርብ ድንጋይ ሁሉ «የጣሊያን» ተብሎ ይጠራል። እኔም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ ሳልመረምር ተቀብዬ ኖሬአለሁ። የታሪኩን ማስረጃ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር አስተያይቼ ስመለከተው ግን አባባሉ የእውነቱን ከፊል ብቻ እንደያዘ ተረዳሁ። ዋሻውን የቈፈረው፣ ዛሬ የምንጓዝበትንም መስመር መሠረቱን የጣለው ጣሊያን መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ጣሊያን ጣርማ በር ሲደርስ መኪና የሚሄድበት መንገድ ቀድሞ ነበረ፤ እንዲያውም ወደ አዲስ አበባ የገባው በዚያው መንገድ ነው።

ቀዳሚ መንገድ ለመኖሩ ማስረጃው

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስደው መንገድ ተሠርቶ፣ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» በሚል ስም በሕዝብ ዘንድ ታውቆ ነበር። ከእነዚህ ጅምሮች በኋላ በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያ የዙፋን ዓመታት ከዋና ከተማዋ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች የሚወጡ ጥርጊያ መንገዶች መከፈት ሲጀምሩ፣ የደሴው መስመር ከዋነኞቹ አንዱ ሆነ። ጥርጊያ የሚለው ቃል ራሱ የሥራውን ዓይነት ይናገራል፤ መሬቱ ይጠረጋል፣ ድንጋዩ ይነሣል፣ ጉብታው ይቈረጣል፣ ረግረጉ በድንጋይ ይሞላል፤ አስፋልት የለውም፣ ድልድዩም በአብዛኛው ከእንጨት ነው።

ለዚህ መስመር ሦስት ማስረጃዎችን በቅደም ተከተል እመለከታለሁ። የመጀመሪያው በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሠፈራቸውን ወደ ደሴ ማዛወራቸው ነው። ጉዞው በመኪና የተደረገ ነበር፤ ከተማዋ ኅዳር 26 ቀን በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ነበሩ። ከዚያም በኋላ ለሰሜኑ ጦር የሚሆን ስንቅና ጥይት በካሚዮን እየተጫነ በዚህ መስመር ሲመላለስ ከርሟል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ለሚመጣ መኪና ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት ሳይወርዱ ደብረ ሲናን፣ ደብረ ሲናንም ሳያልፉ ደሴን ማግኘት አይቻልም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ራሱ የወራሪው ጉዞ ነው። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ ደሴን የያዘው፣ በማርሻል ባዶሊዮ የሚመራው የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዚያ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በሰልፉ ውስጥ 1700 ያህል ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ የመንገዱም ርዝመት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስብ አንባቢ መደምደሚያውን ራሱ ይደርስበታል። በአሥር ቀን ውስጥ፣ ያውም የበልግ ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶት፣ ያን ያህል ብዛት ያለው ከባድ መኪና ቀድሞ የተጠረገ መንገድ በሌለበት ገደል ሊወጣ አይችልም። የጣሊያን መሐንዲሶች ያደረጉት መጠገን፣ ማስፋትና መደልደል ነው፤ አዲስ መንገድ ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው ማስረጃ ከዚሁ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው። ሰልፉ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ኢትዮጵያውያን መንገዱን በፈንጂ አፍርሰውት ስለነበር፣ ሁለት ቀን ያህል ቆሞ የፈረሰውን ለመጠገን ተገደደ። በስዊድናዊው መኮንን በቪኪንግ ታም መሪነት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በሩን እንዲከላከሉ ተልከው እንደነበርም የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የበቅሎ መንገድን ማንም በፈንጂ አያፈርስም፤ በቅሎ የፈረሰውን ዞራ፣ ድንጋዩን ረግጣ ታልፋለችና። በፈንጂ የሚፈርሰው መኪና የሚያልፍበት፣ ከገደል ጎን ተቈርጦ የወጣና ሌላ መዞሪያ የሌለው መንገድ ነው። ስለዚህ የዚያ ቀን ፈንጂ መንገዱ እንደነበረ ብቻ ሳይሆን፣ ከገደሉ ጎን ተፈልፍሎ የተሠራ የታወቀ ጠባብ ክፍል እንደነበረውም ያስረዳል። በዚህ ጥናት ውስጥ ይህን ያህል ስለ መንገዱ ቅርጽ የነገረኝ ሌላ ማስረጃ የለም።

ስለዚያው ጉዞ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰልፉ ጣርማ በርንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ 26 ቀን ጫጫ አጠገብ የአርበኛው የኃይለ ማርያም ማሞ ሰዎች አንዱን ክፍል አድፍጠው መትተውታል። የሸዋ አርበኝነት መጀመሪያ ተብሎ የሚቈጠረው ያ ውጊያ የተደረገው በዚሁ የመኪና መንገድ ላይ ነው። መንገድ ለወራሪ እንደሚያገለግል ሁሉ ወራሪውን የት እንደሚያገኙት ለሚያውቁም ያገለግላል።

በአንድ ዳገት ላይ የተደራረቡ አራት መንገዶች

ጣርማ በር ላይ የሚታየውን አሮጌ ፈለግ ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ከስሕተቶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በስፍራው ቢያንስ አራት መንገዶች ተደራርበዋል።

ከሁሉ የሚቀድመው የሲራራ ነጋዴው መንገድ ነው። የስፍራው ስም ምስክር ነው፤ በአማርኛ የቦታ ስም ውስጥ «በር» የሚለው ቃል ደጋና ቆላ የሚገናኙበትን፣ ሰውና ከብት በግድ የሚያልፍበትን፣ ብዙ ጊዜም ኬላ የሚተከልበትን ጠባብ ማለፊያ ያመለክታል። ጣርማ በር በር የተባለው መኪና ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። የጭነት ከብት መንገድ ዳገቱን ፊት ለፊት ይወጣል፤ አቋራጭ ይወዳል፤ ደረጃ የመሰለ አለት አያስቸግረውም፤ ስፋቱ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች የሚተላለፉበትን ያህል ከሆነ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የምንፈልገው ነው፤ ከ1928 ዓ.ም. በፊት የተከፈተው ጥርጊያ። ሦስተኛው ጣሊያን በወረራው የመጀመሪያ ዓመታት የሠራው፣ ዋሻውን የያዘው መንገድ ነው። አራተኛው ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጠግነውና ሲያሻሽለው የኖረው፣ ዛሬ መኪና የሚሄድበት መስመር ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው ሦስተኛውን ተከትሎ ስለሚሄድ ለብቻው መለየቱ ብዙም አያስቸግርም። የሚከብደው ሁለተኛውን ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው መለየት ነው።

ከበቅሎ መንገድ የሚለየው በዳገቱ ልክ ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ካሚዮን ጉልበቱ ደካማ፣ ፍሬኑም የማያስተማምን ስለነበር፣ ያለው ምርጫ ተዳፋቱን በአግድም እየቈረጡ ረጅም ጉዞ ሄዶ መታጠፍና እንደገና በአግድም መመለስ ብቻ ነበር። ስለዚህ በደብረ ሲና ዳገት ላይ፣ ተዳፋቱን በአግድም የሚያቋርጥና በወጥነት የሚወጣ የተደላደለ መደብ ከታየ፣ ይህን መደብ በቅሎ አልጠየቀችውም ማለት ነው። መታጠፊያው ደግሞ የበለጠ ይናገራል። የጥርጊያው ዘመን መታጠፊያ ጠባብ ነው፤ ረጅም ካሚዮን በአንድ ጊዜ ሊዞርበት ስለማይችል ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ይዞራል። የጣሊያኑ መታጠፊያ ግን ሰፋ ብሎ በድጋፍ ግንብ ወደ ውጭ ተገፍቶ የተሠራ ነው። ሰፊ የሆነውን መታጠፊያ ለማግኘት ግንበኛው አሮጌውን ጥሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ሲኖርበት፣ የተተወው ጠባብ መታጠፊያ ብቻውን ተለይቶ ይቀራል። ፍለጋው በእነዚህ ማዕዘኖች ላይ እንዲያተኩር የምመክረው ለዚህ ነው፤ ቀጥ ያለው ክፍል በኋለኛው መንገድ ሥር ይቀበራል፣ ማዕዘኑ ግን ያመልጣል።

ከጣሊያኑ መንገድ የሚለየው ደግሞ በሥራው ዓይነት ነው። የጣሊያኑ መንገድ ከሥሩ በእጅ የተደረደረ ትልልቅ ድንጋይ አለው፤ በላዩ ጠጠር፣ ከጠጠሩም በላይ ሬንጅ ይለብሳል። ውሃ በሚያቋርጥበት ሁሉ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተገነባ ማስተላለፊያ አለ። አለቱም በመሰርሰሪያ ተበስቶ በድማሚት የተሰበረ ስለሆነ፣ በተቈረጠው ግድግዳ ላይ ግማሽ ቧንቧ የሚመስል ቀጥ ያለ የቀዳዳ ፈለግ ይተዋል። ጥርጊያው ከእነዚህ አብዛኛውን አያውቅም። በድጅኖ ተፈንቅሎ፣ በመዶሻ ተሰብሮ፣ በዶማና በአካፋ ተደልድሎ የወጣ መንገድ ነው፤ ግንብ ቢኖረው እንኳ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተካበ ደረቅ ካብ ነው፤ ውሃውም በመንገዱ ላይ እንዲፈስ ይተዋል እንጂ ከሥሩ እንዲያልፍ አይደረግም። በክረምት የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚህን መለኪያዎች እንደ ቁርጥ ፍርድ መያዝ አይገባም፤ ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው እርከን ነው። የሸዋ ገበሬ ተዳፋቱን እየካበ ሲያርስ የኖረ ስለሆነ፣ ከሩቅ ለሚያየው የእርከን ካብና የጥርጊያ ካብ አንድ ይመስላል። ልዩነቱ እርከን የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ በአንድ ከፍታ ላይ መሄዱ፣ መንገድ ግን ቀስ በቀስ መውጣቱ ወይም መውረዱ ነው፤ ይህን በዓይን መገመት አይበቃም፣ በመሣሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የባዶሊዮ ሰልፍ የፈረሰውን ክፍል የጠገነው በኢትዮጵያውያኑ ጥርጊያ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ ዋሻው ተቈፍሮ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ ከዋሻው በላይ ባለው ኮርቻ፣ ማለትም በሁለት ከፍታዎች መካከል ዝቅ ባለው የተራራው ጀርባ በኩል፣ በአሮጌው መንገድ መመላለሱ የግድ ነበር፤ ሌላ ማለፊያ አልነበረምና። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን የሚያሳልፍበትን መንገድ ሳይጠግን አይተወውም። እንግዲህ በአሮጌው መስመር ላይ በሲሚንቶ የተገነባ ግንብ ወይም የመሰርሰሪያ ፈለግ ብናገኝ፣ ያ ክፍል በጣሊያን እጅ እንደተጠገነ እንጂ መንገዱን ጣሊያን እንዳወጣው አያስረዳም። የጣሊያን ድንጋይ ያለበት ሁሉ የጣሊያን መንገድ አይደለም። ብዙዎች፣ የተማሩ ሰዎችም ጭምር፣ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዋሻው ለምን ተቈፈረ፣ ከላዩስ ምን ቀረ

በግንቦት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ለያዘው አገር የዋና ዋና መንገዶችን ዕቅድ ሲያወጣ፣ ከአስመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰው መስመር ከሁሉ የላቀ ቦታ ተሰጠው። በዚህ መስመር ላይ ከነበሩት መሰናክሎች ጣርማ በር ከከባዶቹ አንዱ ነበር። ወደ ኮርቻው የሚወጣው የመጨረሻው ዳገት ከሁሉ ይበልጥ የቀጠነ፣ ጉምና ውርጭ የሚበዛበት፣ ለአድፋጭም የተመቸ ነበር፤ በዚያ ላይ ወራሪው አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ያስቆመውን ስፍራ አልረሳውም። ተራራውን ከሥሩ መብሳት ከፍታውን ይቀንሳል፣ የላይኞቹንም መታጠፊያዎች ያስቀራል። ዋሻው ሲያልቅ በሙሶሊኒ ስም ተጠራ፤ ያ ስም ወራሪው ሲወጣ አብሮት ወጣ፣ ጣርማ በር ግን ጣርማ በር ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ጥናት የዋሻው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው አፍ ድረስ አዲሱ መንገድ ከአሮጌው ጋር በአንድ ተዳፋት ላይ ስለሚሻማ ብዙውን አጥፍቶታል ወይም ተሸክሞታል። ከዋሻው አፍ በላይ ግን አዲሱ መንገድ የለም፤ ወደ ተራራው ሆድ ገብቷል። ስለዚህ ከሁለቱ የዋሻ አፎች በላይ፣ በኮርቻው ግራና ቀኝ ያለው መሬት፣ ከዚያ ወዲህ የመኪና መንገድ ያልተሠራበት ብቸኛው የበሩ ክፍል ነው። ጥርጊያው ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ የሚገኘው እዚያ ነው። ዛሬ ጭላዳ የሚግጥበትና እረኛ የሚቆምበት ያ ተዳፋት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከማውቃቸው ስፍራዎች ሁሉ የሚበልጠውን ተስፋ የምጥልበት ነው።

በደብረ ሲና ከተማ ውስጥ ያለው ሁኔታ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ደብረ ሲና እንደ ብዙዎቹ የዚህ መስመር ከተሞች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግታ ያደገች ናት፤ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። መንገዱ ሲሰፋ ሕንፃው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አሮጌው መደብ ከአስፋልቱ ሥር ይቀበራል። በመንደሩ ውስጥ ፍለጋው ከድንጋይ ይልቅ በይዞታ ወሰን ላይ ማተኮር አለበት፤ የግቢ አጥር ያለ ምክንያት አግድም የሚሄድበት፣ አሮጌ ቤት በሩን ዛሬ የጓሮ መተላለፊያ ወደ ሆነ ስፍራ አዙሮ የቆመበት ቦታ ካለ፣ አንድ ጊዜ መንገዱ በዚያ በኩል አልፎ እንደነበር ሊያመለክት ይችላል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከመዝገብ ወይም ከአሮጌ ፎቶግራፍ ጋር ሲገጥም ግን ክብደት ያገኛል።

ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ

መስመሩ እንደገና የጦር መንገድ የሆነው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የዘመተው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ፣ ጣሊያኖች ሲያፈገፍጉ ያፈረሷቸውን የመንገድ ክፍሎች እየጠገነ ሄዶ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘ። የባዶሊዮ ሰልፍ ከደሴ የተነሣው ልክ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚያው ዕለት ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ መንገድ በሁለት ወገን እጅ ፈርሶ በሁለት ወገን እጅ ተጠግኗል ማለት ነው፤ ይህም በመስመሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ግንብ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ብቻ ማያያዝ ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ ያሳያል።

ከነጻነት በኋላ የነበሩት ዓመታት ለመንገዱ የዝለት ዓመታት ነበሩ። መስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድርና በዚያው ዓመት በተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጥገናው በደንብ ተጀመረ። ሕዝቡ መሥሪያ ቤቱን በአጭሩ «አውራ ጎዳና» ብሎ ስለሚጠራው፣ የመሥሪያ ቤቱ ካምፖች የነበሩባቸው ሠፈሮች በብዙ ከተሞች እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይታወቃሉ። ከዚያ ወዲህ ኤን ትሬ የሚባለው የጭነት መኪና፣ አውቶቡሱና ተሳቢው ይህን ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ሲያቃስቱበት ኖረዋል።

አሮጌውን ፈለግ የሚያጠፋው ጥገና ብቻ አይደለም። የስፍራው አለት በጂኦሎጂ ሊቃውንት ዘንድ በስሙ «የጣርማ በር ባዛልት» ተብሎ የታወቀ፣ በእሳተ ገሞራ ዘመን ተደራርቦ የፈሰሰ ነው። ከጠንካራው አለት ሥር ያለው የላላ አፈር ውሃ ሲጠግብ ስለሚንሸራተት፣ የደብረ ሲና አካባቢ ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ የደረሰው ናዳ እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ የተቋረጠ መደብ ሲታይ፣ መንገዱ እዚያ ላይ አልቆ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት የቀረው ክፍል ከመሬቱ ጋር ወርዶ እንደሆነ ከታች መፈለግ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የድንጋዩ ነገር አለ፤ ጥርብም ይሁን ደረቅ ካብ፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ቅርብ የሆነ ድንጋይ ነውና ይነሣል። ይህን በማድረጉ ገበሬውን ልንወቅሰው አይገባም፤ የድንጋዩን ዋጋ የነገረው የለም።

ፍለጋው በምን ይቀጥላል

ከሰነዶች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የአየር ፎቶግራፍ ነው። ጣሊያን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ያነሣቸው የኢትዮጵያ የአየር ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው የተገኙ ሲሆን፣ 34000 ያህሉ በ8281 ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉ ናቸው። ዘመናቸው በትክክል አሮጌው ጥርጊያ ተትቶ አዲሱ መንገድ የተተካበት ዘመን ነው፤ ስለዚህ ከሰሌዳዎቹ መካከል የደብረ ሲናን አካባቢ የሚመለከተውን ማውጣት የዚህ ጥናት ቀጣይ እርምጃ ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተነሡት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ምስሎች፣ ዛሬ ለሁሉ ክፍት የሆኑት፣ መንገዱ ከመስፋቱና ከተማዋ ከማደጓ በፊት የነበረውን መልክ ያሳያሉ።

ከሰው የሚገኘው ምስክርነት ግን ጊዜ አይሰጥም። በ1928 ዓ.ም. ነፍስ ያወቀ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ሞልቶታል ወይም ቀርቦታል፤ ስለዚህ የምናገኘው የአባትና የእናት ወሬ የሰሙትን ልጆች ነው። ከእነርሱ ጋር ስንነጋገር አጠያየቁ ላይ መጠንቀቅ አለብን። «ይህን መንገድ ማን ሠራው?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ «ጣሊያን» ነው፤ ጥያቄው ራሱ ወደዚያ ይመራል። «ዋሻው ሳይቈፈር መኪና በየት በኩል ይወርድ ነበር?»፣ «አባትዎ መንገድ ለመጥረግ ወጥተው ያውቁ ነበር? በማን ትእዛዝ? ስንቃቸውንስ ማን ያበላቸው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ በር ይከፍታል። የመጀመሪያውን ጥርጊያ ያወጡት የዚሁ የማፉድ፣ የመዘዞና የአካባቢው ሰዎች፣ ዶማና ድጅኖ ይዘው በየተራ የወጡ ገበሬዎች ናቸው። ዋሻው የሠሪውን ስም ይዞ ተመርቋል፤ እነርሱ በጠረጉት መንገድ ላይ ግን የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። ይህን ጥናት እንድጀምር ያደረገኝም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ነው።

ለመለካት የሚሄድ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሣሩ ሲደርቅና ጉሙ ሲገለጥ ቢሄድ ይሻለዋል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ ላይ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታ፣ ቀን ላይ የማይታይ የተደላደለ መደብ ጥላ ይጥላል። ከምዕራቡ የዋሻ አፍ በላይ ተነሥቶ ወደ ኮርቻው ይውጣ፤ በየሃምሳ ሜትሩ የመደቡን ስፋት፣ የዳገቱን ልክና የካቡን ዓይነት ይመዝግብ፤ ኖራ ያለበትንና የሌለበትን፣ የመሰርሰሪያ ፈለግ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ ፎቶግራፍ ያንሣ። ከኮርቻው ማዶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ደግሞ መደቡ በድንገት ጠብቦ ከገደሉ ጋር የሚጣበቅበትን፣ አለቱ በመሣሪያ ሳይሆን በፍንዳታ ተቦድሶ በኋላ በግንብ የተሞላ የሚመስልበትን ቦታ ይፈልግ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. 1700 መኪና ያቆመው ፈንጂ የፈነዳው እንደዚያ ባለ ቦታ ላይ ነው።